አገር ስጠኝ የማይባልበት ጨዋታ

እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ ጠያቂው ኪስ ውስጥ ነው። «ምን አውቅልህ» ያለው ሰው ይገምታል፤ ካላገኘው «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ አገር ይሰጣል፣ መልሱን ይሰማል። ጨዋታው ለዚሁ የተሠራ ስለሆነ ማንም አይከፋውም። የሚያስከፋው ይኸው አሠራር ሳይነገር ሌላ ጨዋታ ውስጥ ሲገባ ነው። አራት አምስት ሰው የሚና ጨዋታ ሊጫወት ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። መሪው «ከባድ የሕሊና ምርጫ» ብሎ አንድ ነገር ያቀርብላቸዋል። አንድ ሰዓት ይከራከራሉ፣ ይወስናሉ። ከዚያ መሪው ትክክለኛው ሌላው እንደነበረ ያሳያቸዋል፤ የዳነው ልጅ ከዳተኛ ሆኖ ይገኛል፣ በምሕረት የተለቀቀው ሽፍታ መንደር ያቃጥላል። ተጫዋቾቹ ሳያውቁት አገር ሰጥተዋል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ዓለሙን ይይዛል፤ ከተማውን፣ ዝናቡን፣ ዘበኛውን፣ ሽፍታውን። እሱን መሪ እንበለው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። መሪው የሚታየውን ይናገርና «ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ይመልሳሉ፤ ውጤቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ዳይስ ይጣላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ካሳተሙ ወዲህ የዚህ ጨዋታ ዓይነቱ በዝቷል። «ምን ታደርጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉም ውስጥ አልወጣም። መሪው ያንን ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን ከልቡ የማይፈልገው ከሆነ ጨዋታው አልቋል፤ የቀረው ንባብ ነው።

መሪው ታሪኩን አስቀድሞ ጨርሶ ሰዎቹን በዚያ ላይ ብቻ ሲነዳ፣ የውጭ ተጫዋቾች ስሙን ከባቡር ሀዲድ ወስደው ነው የሚጠሩት። ለድሬዳዋ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ከተማዋ ራሷ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ስለደረሰ የተቆረቆረች ናት፤ ለገሃርና ፉርጎ የሚሉት ቃላት የሰፈር ቃላት ናቸው። ሀዲድ ለጭነት የሚሆን ግሩም ነገር ነው። ፉርጎ ወዴት ልሂድ ብሎ አይጠይቅም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሥራውን ጥሎ ከመጋላ ሰፈር ከዝራ ሰፈር ድረስ የመጣ ሰው ግን ለመጠየቅ ነው የመጣው።

ሀዲዱን ለማወቅ እምቢታውን መቁጠር ይበቃል። «በጣሪያው ልውጣ» ይላል አንዱ፤ አይቻልም ይባላል። «ዘበኛውን ላናግረው»፤ አያናግርህም። «እንግዲያው ልመለስ»፤ መንገዱ ተዘግቷል። ሦስት እምቢታ ከተከታተለ መሪው እጁ ላይ የሚጠብቀው አንድ ትዕይንት አለ ማለት ነው። ያን ትዕይንት ጽፎታል፣ ወዶታል፣ እንዳይቀርበት ይሳሳል። መሳሳቱን እረዳዋለሁ፤ ማታ ማታ ተቀምጦ ያዘጋጀውን ሁሉ የሚወድ ሰው ነው የሚመራው። ለራሱ ሊያበጅለት የሚገባው ሕግ ግን አጭር ነው፤ ለአንድ ጉዳይ ሁለቴ እምቢ ካልክ ሦስተኛው መልስ «ይቻላል፣ ግን…» መሆን አለበት። ከ«ግን» በኋላ ዋጋው ይነገራል። ዘበኛው ያናግርሃል፣ ግን ስምህን ይመዘግባል። በጣሪያው ትወጣለህ፣ ግን ቆርቆሮው ይጮኻል።

ረቀቅ ያለ ሀዲድም አለ። አምስት በር ያላት ከተማ ውስጥ ናችሁ እንበል፤ መሪው በየትኛውም በር ብትወጡ ያው ሽፍታ እንዲያገኛችሁ አድርጓል። ይህ ሁልጊዜ ጥፋት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እንዲያ አይመስለኝም። ተጫዋቾቹ ስለ በሮቹ ምንም ሳያውቁ ዝም ብለው አንዱን ከመረጡ የተወሰደባቸው ነገር የለም። ገበያ ወርደው ጠይቀው፣ «በምሥራቁ በር ሽፍታ አለ» ተብለው፣ ለዚህ መረጃ ገንዘብ ከፍለው፣ በምዕራቡ ከወጡ በኋላ ያው ሽፍታ ፊታቸው ቢቆም ግን ገንዘባቸውም ብልሃታቸውም ተሰርቋል። ሁለቱን የሚለየው መረጃው ነው። ሰው አጣርቶ የመረጠውን አትንኩበት።

ወደ ሕሊናው ጥያቄ ስንመጣ ሌላ ሀዲድ ይጠብቀናል። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበችው ምሳሌ በብዙ መሪዎች ጭንቅላት ውስጥ አለ። ፍሬን ያጣ ባቡር እየመጣ ነው፤ በአንዱ ሀዲድ አምስት ሰዎች፣ በሌላው አንድ ሰው አለ፤ የሚመረጠው ባቡሩ በየትኛው ይሂድ የሚለው ብቻ ነው። ፈላስፋዋ ሌሎቹን በሮች ሁሉ የዘጋቻቸው ሆን ብላ ነው፤ የምትመረምረው አንድ ጠባብ ነገር ስላላት። ይህን ምሳሌ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ግን ከጨዋታው ጋር ይጣላል፤ ጨዋታው የተሠራው በሩ ሲዘጋ መስኮት ለሚፈልግ ሰው ነውና። ድሬ ውስጥ ያቀረባችሁት እንደሆነ አባቱ ወይም አያቱ ባቡር ላይ የሠራ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ፊሽካው የት አለ፣ ሀዲድ መቀየሪያውን ግማሽ መንገድ ላይ ብንተወው ፉርጎው አይወድቅም ወይ፣ ከሀዲዱ ሥር ድንጋይ ብንከት፣ ይላል። ይህ ሰው ከጥያቄው አልሸሸም። እየተጫወተ ነው።

ሌላው የቆየ ወጥመድ ፓላዲኑ ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የቀድሞ ሕጎች ፓላዲን የሚባለው መሐለኛ ተዋጊ አውቆ ክፉ ሥራ ከሠራ ኃይሉን ሁሉ ያጣ ነበር። ሕጉ የታሰበው መሐላ ክብደት እንዲኖረው ይመስለኛል፤ በመሪዎች እጅ ግን መያዣ ሆነ። የጠላት ሕፃናትን ፊቱ ያቀርቡለታል፤ ቢገድል ክፉ ነው፣ ቢተው ነገ መንደር ያጠፋሉ፣ ያ ደግሞ በእሱ ይቆጠራል። የቱንም ቢመርጥ ኃይሉ ተወስዶ ሦስት ሳምንት ጎራዴ እንደያዘ ተራ ሰው ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው ዕትም ይህን ጥብቅ ሕግ ማላላቱ ደግ አደረገ። መሐላውን ከወደዳችሁት ከመጀመሪያው ቀን ከተጫዋቹ ጋር ተቀምጣችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉት። መሐላው መቼ እንደፈረሰ የሚናገረው መጀመሪያ ተጫዋቹ ይሁን።

እንግዲህ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እናየው። ከተማዋን ከሐረር እንቀዳታለን፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ሲመሽ የሚዘጋ በር። ስሟን ቀይሩት፤ ግንቡን ግን ተዉት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ሁሉ በዓይነ ሕሊናው ያየዋልና። ገጸ ባሕርያቱ የምሥራቁ በር ዘበኞች ናቸው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ 11 ሰዎችና 6 ግመሎች ያሉት ሲራራ ነጋዴ በሩ ሥር ይደርሳል። ሸለቆው ውስጥ ችቦ ይታያል። «ሽፍታ እየተከተለን ነው፣ ክፈቱልን» ይላሉ። ትእዛዙ ደግሞ በሩ እስኪነጋ አይከፈትም ነው።

መጥፎው አቀራረብ ይህን ይመስላል።

«ከከፈታችሁ ሽፍቶቹ አብረው ይገባሉ። ካልከፈታችሁ ነጋዴዎቹ ያልቃሉ። ምን ታደርጋላችሁ?»

«በጅቡ ቀዳዳ እናስገባቸው።»

«አይበቃቸውም።»

«ጅብ የገባበት ልጅ እንዴት አይገባበትም? ልጆቹን እንኳ እናስገባ።»

«ቀዳዳው ተደፍኗል።»

«አቦ፣ ቅድም ጅቦቹ በየት ገቡ ታዲያ?»

የሐረር ግንብ ጅብ የሚመላለስበት ቀዳዳ አለው፤ ሐረሪዎች ዋራባ ኑዱል ይሉታል። ከተማዋን የሚያውቅ ተጫዋች መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። መሪው ቀዳዳውን በቃሉ የደፈነው ጊዜ ከአንድ ክርክር የበለጠ ነገር አጥቷል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግንቡን ማንም አያምነውም፤ መሪው ሲፈልግ የሚከፈት፣ ሲፈልግ የሚደፈን ግንብ ላይ ተደግፎ ማቀድ አይቻልም። ተጫዋቾቹ ስለ ከተማዋ ማሰብ ትተው የመሪውን ፊት ማንበብ ይጀምራሉ። (ሐረር ላይ ጅቡን ራሱን አስፈሪ ማድረግም አያዋጣም። እዚያ ከሰው እጅ ሥጋ የሚጎርስ እንስሳ ነው፤ የአገሩ ልጅ ያንን ፍርሃት አይቀበላችሁም።)

ዝግጅቱ አንድ ገጽ አይሞላም። መጀመሪያ የቀዳዳውን ልክ ጻፉ፤ ሰው በሆዱ ተስቦ ያልፋል፣ አንድ በአንድ፤ ግመል አያልፍም፣ የጨው ጭነት አያልፍም። አሁን ሦስተኛው መንገድ ክፍት ነው፤ የራሱ ዋጋም አለው። ሰዎቹ ሲገቡ 6 ግመልና ጨው ውጭ ይቀራል፤ ጨዉ ደግሞ በዱቤ የተገዛ ነው። ነጋዴው ነፍሱን ይዞ ከነዕዳው ይገባል። ትእዛዙስ ተጥሷል ወይ? በሩ አልተከፈተም። በዚህች ነጥብ ላይ ዘበኞቹ ራሳቸው የሚከራከሩት ክርክር መሪው ሊጽፍ ከሚችለው ሁሉ ይበልጣል።

ቀጥሎ ትእዛዙ ለምን እንደወጣ ጻፉ። ያለ ምክንያት የወጣ ትእዛዝ መጣሱ ማንንም አይከብድም። ከሁለት ዓመት በፊት ነጋዴ መስለው የመጡ ሽፍቶች ገብተው የዘበኛ አለቃውን ወንድም ገድለዋል። የሟቹ ሚስት በሩ አጠገብ ቡና ትሸጣለች፤ ዘበኞቹ በየቀኑ ይጠጣሉ። እሷን በምርጫው ሌሊት አታስተዋውቋት፤ ቢያንስ ሁለት ጨዋታ ቀድማ ትታይ። ብዙ የሕሊና ጥያቄዎች ከሽፈው የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ስሙን አሁን የሰማሁት ሰው ቢሞት ቁጥር ነው፤ ቡናዬን የቀዳችልኝ ሴት ነገ ሰላምታ ብትነፍገኝ ግን ይሰማኛል።

ከዚያ መረጃው። ነጋዴዎቹ እውነተኞች መሆናቸውን ለማወቅ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መንገዶች ይኑሩ፤ አንዱን ይስቱታል፣ ሌላውን ያጣምሙታል፣ ሦስተኛው ይደርስላቸዋል። በገመድ ችቦ ቢያወርዱ የግመሎቹ እግር በረጅም መንገድ መቁሰሉን ያያሉ። የነጋዴውን ድምፅ የምታውቅ ባለሱቅ ከተማ ውስጥ አለች። ከነጋዴዎቹ ጋር ያለው ልጅ ደግሞ ከግንቡ ውስጥ የአክስቱን ቤት ይጠራል። አንዱ ብቻ ካለና ዳይሱ ከነፈጋቸው በጨለማ ወሰኑ ማለት ነው፤ በጨለማ የወሰነን ሰው ደግሞ «እንዴት እንዲህ አደረግህ» ማለት ግፍ ነው።

ጊዜውን በወረቀት ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ ሣሉት። ሽፍቶቹ 3 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፤ አንድ ሰዓት ተኩል አለ፤ ስድስት ክብ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። ችቦ ማውረድና ማነጋገር አንድ ክብ ይፈጃል። ባለሱቋን ጠርቶ ማምጣት ሁለት፣ አለቃውን ቀስቅሶ ማስፈቀድ ሁለት፣ 11 ሰው በቀዳዳው ማስገባት ሁለት። ድምሩ ሰባት ነው፤ ክቡ ስድስት። ሁሉን አጣርቶ፣ አስፈቅዶ፣ ሁሉን ሰው ለማስገባት አይበቃም። ምርጫው የከበደው መሪው ስለጨከነ ሳይሆን ሰዓቱ ስላነሰ ነው፤ ሰዓቱን ደግሞ ሁሉም ያዩታል። ወረቀቱን ደብቃችሁ በልባችሁ ብትቆጥሩት ግን ያው ጭካኔ ይመስላል፣ ትክክል ብትቆጥሩ እንኳ።

ዳይሱ በግልጽ ይጣል። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚጣለውን ባለሃያ ገጽ ዳይስ ገበያ ወጥቶ ማግኘት ያስቸግራል፤ የሉዶ ሁለት ዳይስ ይበቃል። የሁለቱ ድምር 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደታሰበው ይሆናል፤ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሆናል ግን ዋጋ አለው፤ 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ ይበላሻል። ከ36ቱ አጣጣሎች 6ቱ ሙሉ ስኬት፣ 15ቱ ስኬት ከነዋጋው፣ 15ቱ ውድቀት ናቸው። አንድ ነጥብ ብትጨምሩለት ውድቀቱ ወደ 10 ይወርዳል፤ ሁለት ብትጨምሩ ወደ 6። መሪው ይህን ሊያውቅ ይገባል፤ «ቀላል ነው» ብሎ ያለ ጭማሪ ያስጣለው ሰው ከአምስት ሁለቴ ይወድቃልና። ከመጣሉ በፊት ደግሞ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ተናገሩ። «ካልተሳካ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ቀዳዳው ውስጥ ሳለ ሽፍቶቹ ይደርሳሉ።» ተጫዋቹ ሰምቶ ይጥላል ወይም ሐሳቡን ይቀይራል።

አቀራረቡ ላይ አንድ ቃል ደጋግሞ ያበላሻል፤ «እርግጠኛ ናችሁ?» የሚለው። ቃሉ ጥያቄ ይምሰል እንጂ የመሪው ፍርድ ነው፤ ተጫዋቾቹም ወዲያው ይገባቸውና ሐሳባቸውን ያጥፋሉ። በእሱ ፈንታ የሚያውቁትን መልሳችሁ ንገሯቸው። «እስካሁን የግመሎቹን እግር አይታችኋል፣ ባለሱቋን አልጠየቃችሁም፣ ሁለት ክብ ቀርቷችኋል። በሩን ትከፍታላችሁ?» ድምፃችሁ ለሁለቱም መልስ አንድ ይሁን። ቡና ከተፈላ ደግሞ ይጠቅማል፤ ጥያቄውን አቦል ሲያልቅ ክፈቱት፣ በቶና ይከራከሩ፣ በረካ ከመቀዳቱ በፊት ይወስኑ። በክርክሩ መሀል መሪው ዝም ይበል። ስለ ከተማዋ ከተጠየቀ ይመልስ፣ ስለ ደግና ክፉ ከተጠየቀ አይመልስ። እርስ በርስ ካልተስማሙ «ቁልፉ ማን እጅ ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ድምፅ አታስቆጥሩ።

ምን መነሳት እንደሌለበትም ከመጀመሪያው ቀን መነጋገር ያስፈልጋል። ባዶ ወረቀት አዙራችሁ እያንዳንዱ ሰው እንዲመጣ የማይፈልገውን ነገር ስሙን ሳይጽፍ ይጻፍ፤ መሪው ያነባል፣ ምክንያት አይጠይቅም። ድሬ ውስጥ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ስንቱን እንደወሰደ የማያስታውስ ቤት ጥቂት ነው። «ጎርፍ መጣ፣ ከሁለቱ ልጆች አንዱን ብቻ ማውጣት ትችላለህ» የሚል ጥያቄ ለሌላ ከተማ ሰው ልብ ወለድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ያንን ሌሊት ያየ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የብሔርና የሃይማኖት ቁስልም እንዲሁ ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው አንድ ጠረጴዛ በሚከብበት አገር የማን ወገን ይሙት ብሎ መጠየቅ ጨዋታ አይደለም።

መሪው ከተሳሳተ፣ ይሳሳታልም፣ ሳይሸፋፍን ይናገር። «ቀዳዳው መኖሩን ልነግራችሁ ሲገባ አልነገርኳችሁም፤ ወደ አራተኛው ክብ እንመለስ።» አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ መመለስ ማንንም አይጎዳም። የጎደለውን መረጃ ለመሸፈን አዲስ ሽፍታ መፍጠር ግን ሌሊቱን ሙሉ ያበላሻል።

በመጨረሻ ውጤቱ ይጻፋል፤ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ለእያንዳንዱ መንገድ ሦስት ሦስት መስመር። ከተከፈተ፦ ሁሉም ከነጨዉ ይገባሉ፤ አለቃው ለአሚሩ መልስ መስጠት አለበት፤ ባሏ የሞተባት ሴት ለዘበኞቹ ቡና አትቀዳም። ካልተከፈተ፦ ነጋዴዎቹ በእሳት ይከላከላሉ፣ ስንት እንደተረፉ በዳይስ ይታወቃል፤ አለቃው ያመሰግናል፤ የልጁ አክስት ጠዋት በሩ ላይ ትቆማለች። በቀዳዳው ከሆነ፦ ሰዎቹ ይተርፋሉ፤ ግመሎቹ ይነዳሉ፤ አበዳሪው ነጋዴውን ፍለጋ ይመጣል። በሦስቱም ውስጥ የሚያመሰግንም የሚያዝንም ሰው አለ፤ ማናቸውም የመሪው አፍ አይደሉም። ባለቡናዋ ስትቆጣ የራሷን ቁጣ ትቆጣ፤ አለቃው ሲያመሰግን የራሱን ፍርሃት ያመስግን። ተጫዋቾቹ ለሁለቱም ሊመልሱ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ በዚያው ሌሊት አታውርዱት። ሲጨርሱ የተሞሉትን ክቦችና የገቡትን ሰዎች ስም በወረቀቱ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታውን ከንጋት ጀምሩት፤ በሩ ይከፈታል፣ ባለቡናዋ ጀበናዋን ይዛ ከቦታዋ ትደርሳለች። ቀና ብላ ታያቸዋለች። «ምን ታደርጋላችሁ?»